ከሃያ ወደ አርባ ዲግሪ

መምህርቷ ስም ስትጠራ መድገም አትወድም። ዛሬ ግን የጎሚስታውን ልጅ ስም ሦስት ጊዜ ጠራች። መልስ የለም። ልጅቷ ከቀረች ስድስተኛ ቀኗ ነው። በመስኮቱ በኩል፣ ከፊት ሁለተኛው ዴስክ ላይ አንዲት ልጅ የምታህል ባዶ ቦታ አለች፤ አጠገቧ የምትቀመጠው ጓደኛዋ እንኳ ደብተሯን ወደዚያ ለመዘርጋት አልደፈረችም።

"የት ናት?"

ጓደኛዋ ተነሣች። "ቲቸር፣ ከእንግዲህ አትመጣም።"

"ማን አለ?"

"አባቷ። ትምህርት ይበቃሻል አላት።"

"ጎማ ልትነፋ ነው፣ ቲቸር!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። ቀልደኛው ነው፤ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ።

"አንተ ግን ሳትነፋም ሞልተሃል" አለች መምህርቷ ቀና ሳትል። ሳቁ ዞሮ ባለቤቱ ላይ ወደቀ።

ጓደኛዋ አልሳቀችም። "አጎቷ፣ የእናቷ ወንድም፣ በጭነት መኪና ተገልብጠው ሆስፒታል ተኝተዋል። ከዚያ ወዲህ ነው" አለችና ሌላ ጥያቄ ሳይመጣባት ቶሎ ተቀመጠች።

መምህርቷ ሌላ መስማት አላስፈለጋትም። ቤት ውስጥ አንድ ሰው አልጋ ሲይዝ ከትምህርት የምትቀረው ሁልጊዜ ሴቷ ናት፤ ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያሻም። ዕለቱ ረቡዕ ነው፣ የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ ደግሞ ዓርብ ይዘጋል። ቅጹ ላይ ከሰባ ሁለት ተማሪዎች የሰባ አንዱ ፊርማ ሰፍሯል። ያልፈረመችው ከሁሉም የምትሻለው ልጅ ናት። ዓርብ ካለፈች ዓመቱ አመለጣት፤ ዓመቱ ካመለጣት ደግሞ ተመልሳ እንደማትመጣ መምህርቷ ካለፉት ሁለት ዓመታት ተምራለች።

ከሰዓት በኋላ ቦርሳዋን አንግታ ወደ ጎማ ቤቱ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስታሰላ ነበር። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት የምትለው አላት፣ ስለ ሕጉም አላት፤ ሰውዬው አሻፈረኝ ካለ ደግሞ ለመጨረሻው ያስቀመጠችው ጠንከር ያለ ነገር አለ። ስትራመድ አፈሩ ይጨስ ነበር።

ጎማ ቤቱ ሦስት በአራት የሆነች የቆርቆሮ ክፍል ናት። አሮጌ ጎማዎች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ ከበሩ በስተግራ ኮምፕሬሰሩ እያጓራ ይንቀጠቀጣል። ልጅቷ በስተኋላ ውኃ የሞላ በርሜል ላይ አጎንብሳ፣ የተነፋ የውስጥ ጎማ እየደፈቀች አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ትፈልጋለች። መምህርቷን ስታይ ደነገጠች፤ ከዚያም ዓይኗን ወደ ውኃው መለሰች።

አባትየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና የተጋደመ ጎማ ላይ ካርቶን አነጠፈ። "ይቀመጡ፣ መምህርት።"

"ጋሼ፣ ለመቀመጥ አልመጣሁም። ልጅዎን ልወስድ ነው።"

"ወዴት?"

"ወደ ክፍሏ። ምዝገባው ዓርብ ያበቃል። አማችዎ ላይ የደረሰውን ሰምቻለሁ፤ እግዜር ይማራቸው። ግን ቤት ውስጥ ችግር በመጣ ቁጥር ሴት ልጅ ደብተሯን ጥላ..." ብላ ጀመረች። ያሰላችውን ሁሉ በተራ በተራ አወረደችው። ሰውዬው አላቋረጣትም። ኮምፕሬሰሩን አጠፋላት፣ ድምጿ እንዲሰማ።

"ጨረሱ?" አለ በመጨረሻ።

"አልጨረስኩም።"

"እንግዲያው ይጨርሱ።"

ጨርሳ ነበር። 

ሰውዬው ከመደርደሪያ ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር አወረደ። እጁ ዘይት ስለሆነ ገጹን በክርኑ ጫፍ ገለጠና አቀረበላት። "ይቺ ቀይ ጽሑፍ የእርስዎ ናት?"

የቤት ሥራው ደብተር ነው። ጥያቄው የራሷ ነው፤ ሙቀት የጋዝን ይዘት እንዴት እንደሚለውጥ ከቤታችሁ ምሳሌ አምጡ ብላ ነበር። ልጅቷ በጥንቁቅ እጅ እንዲህ ጽፋለች፦ "የሙቀት መጠን እጥፍ ሲሆን የጋዝ ይዘት እጥፍ ይሆናል። የመኪና ጎማ ግን መስፋት ስለማይችል በይዘቱ ፈንታ ግፊቱ እጥፍ ይሆናል። ጠዋት ሃያ ዲግሪ፣ ቀትር ላይ አርባ ዲግሪ። ስለዚህ ጠዋት ስምንት ባር የተነፋ ጎማ ቀትር ላይ አሥራ ስድስት ባር ይሆናል። ሊፈነዳ ይችላል።" ከሥሩ ትልቅ ቀይ ምልክት፤ ከጎኑ ደግሞ "በጣም ጎበዝ!"

እጥፍ የሚሆነው በኬልቪን ሲቆጠር ነው፤ በሴልሺየስ ሃያ ላይ ሃያ ስለተጨመረ ምንም ነገር እጥፍ አይሆንም። ይህን ታውቀዋለች። ተኝታም ታውቀዋለች። ያን ቀን ሕጉን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ፊኛ ስትስል ደወል ተደወለ፤ ኬልቪንን ለነገ አሳደረችው። በማግስቱ የመምህራን ስብሰባ ሆነ። ከዚያ ምዕራፉ አለቀ ተባለና ወደሚቀጥለው ዘለሉ። ሰባ ሁለቱን ደብተር ያረመችው እዚያው ስብሰባ ላይ ነው፣ በጭኗ ላይ ደርድራ። ቀይ እስክሪብቶዋ ሲሮጥ ታስታውሳለች። ያነበበችው አንድ ዓረፍተ ነገር ግን ትዝ አላላትም።

"እጄ ነው" አለች።

"ባለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት አማቼ ጭኖ መጣ" አለ ሰውዬው። "ቆላ ሊወርድ ነው። ጎማውን እንደ ወትሮው ስምንት ሞላሁለት። ይቺ ደብተሯን ይዛ መጣችና አባባ ቀትር ላይ ይፈነዳል አለችኝ። ኧረ ተይ አልኳት። አማቼ ደግሞ ስሟን ኢንጂነሯ ብሎ ያወጣላት እሱ ነው፤ ኢንጂነሯ ካለች አስተንፍሰው፣ አለ። ወደ ስድስት አወረድኩት።"

ጥግ ላይ የተደገፈ አጭር ብረት አነሣና አጠገቡ የቆመውን ጎማ ነካ አደረገው። ጎማው ጥርት ብሎ ጮኸ። "እኔ በዚህ ነው የማውቀው። የዚያን ቀን ስመታው ድምፁ ላላ። ሰምቻለሁ! የላላ ጎማ ሲንከባለል ጎኑ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይግላል፤ ሲግል ነው የሚፈነዳው። ጆሮዬ ነገረኝ። ግን ልጄ ጽፋዋለች፣ አስተማሪዋ ፈርማበታለች። ስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰውዬ ማን ነኝ ብዬ አፌን ዘጋሁ። ቆላ ሳይደርስ ጎማው ፈንድቶ ተገለበጠ፤ እግሩ ተሰበረ።"

"አባባ፣ እኔ ነኝ ያልገባኝ" አለች ልጅቷ ከበርሜሉ አጠገብ። እጇ ከውኃው አልወጣም። "ትምህርቱ ልክ ነው። እኔ ነኝ አሳስቼ የጻፍኩት።"

መምህርቷ ልጅቷን አየቻት። የማምለጫ በር ተከፍቶላታል። "አዎ፣ ልጆች አንዳንዴ ያምታታቸዋል" ብትል፣ ቀዩ ምልክት የችኮላ ነው ብላ ብትስቅ፣ ጉዳዩ እዚህ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። ዳይሬክተሩ አይሰማ፣ ማንም አይሰማ። ልጅቷ ግን ለዘላለም የአጎቷን እግር የሰበረች ሆና ትኖራለች።

"አልተሳሳተችም" አለች። "እኔ ሰሌዳ ላይ እንደጻፍኩት ነው የጻፈችው። ጎድሎ ነበር። የጎደለውን ሳልነግራቸው አለፍኩ። ደብተሩንም ሳላነብ ነው ያረምኩት።"

ሰውዬው ብረቱን ጥጉ ላይ መልሶ አስደገፈው።

"እና ልኩ ስንት ነው?" አለ ሰውዬው።

ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። ወደ ኬልቪን ለመለወጥ ሃያውም አርባውም ላይ ሁለት መቶ ሰባ ሦስት ጨመረች፣ አካፈለች፣ አባዛች። አንዴ ሰርዛ ደገመችው። "ስምንት የነበረው ስምንት ተኩል ይሆናል። ቢበዛ ከዚያ ትንሽ ያልፋል።"

ሰውዬው ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ ግን አልነበረም። "ግማሽ! ሃያ ሁለት ዓመት ሾፌር በጠየቀኝ ቁጥር 'ቀትር ላይ ግማሽ ይጨምራል፣ አትንካው' ነው የምለው። ያንቺ ሂሳብ ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ መጣ?" አንቱታው ቀርቷል። መምህርቷ አስተዋለችው፤ የሚገባትም መሰላት።

"እኔን የፈለጉትን ይበሉኝ። ዳይሬክተሩ ጋ ሄደው ይክሰሱኝ። እሷ ግን ዓርብ ካልፈረመች..."

"ልቀጣት መሰለሽ? የተማረችውን ነገር ስላመነች እኮ ነው ሰው የሰበረችው። ማን ይህችን ልጅ መልሶ ወደዚያ ይልካል?" ደብተሩን ዘጋው። "ደግሞ ያንቺ ተማሪ አንድ እሷ ብቻ ናት? ስንት ናቸው?"

"ሰባ ሁለት።"

"ሰባ አንዱስ? ይህንኑ ይዘው አይደል ቤታቸው የገቡት?"

"ነገ እነግራቸዋለሁ" አለች። "ፊታቸው ቆሜ።"

"መጥቼ እሰማለሁ" አለና ኮምፕሬሰሩን አስነሣው። ሂጂ ማለቱ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰውዬ ጨቅጭቃ ለሙከራ የተገዛ የመስታወት ሲሪንጅ አስወጣች።

"ይሰበራል!" አለ የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ቁልፉን እንደያዘ። "አራት ዓመት ተጠብቆ የኖረ ዕቃ ነው።"

"አራት ዓመት ማን ተማረበት?"

"ማንም። ለዚህ ነው ያልተሰበረው።"

ክፍሉ ገና ሲቀመጥ ጎሚስታው ከልጁ ጋር ገባ። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ ጥፍሩ ግን እንደጠቆረ ነው። ኋላ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ልጅቷ ወደ ድሮ ቦታዋ አልሄደችም፤ አባቷ አጠገብ ቆመች። ቀልደኛው አንገቱን አዙሮ አያቸው።

መምህርቷ የዚያን ቀኑን ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ መልሳ ጻፈችና ፊቷን አዞረች። "ይህን ያስተማርኳችሁ እኔ ነኝ። እንዲህ እንደቆመ ስህተት ነው። በዚህ ምክንያት ሰው ተጎድቷል፤ የተጎዳውም በእኔ እንጂ በተማሪ ጥፋት አይደለም።"

"ቲቸር፣ ፈተና ላይ የቱን እንጻፍ?" አለች አንዷ።

"የለካችሁትን።"

ሲሪንጁን ሃምሳ ሚሊ ሊትር ላይ አድርጋ ጫፉን በላስቲክ ደፈነችው። ሁለት ባልዲ ውኃ አለ፤ አንዱ ሃያ ዲግሪ፣ ሌላው አርባ። "ማን ያነብልኛል?"

ማንም አልተነሣም። ጎሚስታው ልጁን በክርኑ ገፋ አደረጋት። መጣች። ሲሪንጁን ተቀብላ መጀመሪያ ሃያው ውስጥ ሃምሳ ላይ መቆሙን አየች፤ ከዚያ አርባ ዲግሪው ውስጥ ከተተችው፤ ቴርሞሜትሩን ራሷ አየች፣ ጠበቀች፣ ደግማ አየች። መግፊያው በጣም ቀስ ብሎ፣ የማይታወቅ ያህል ጥቂት ወጣ።

"ሃምሳ ሦስት" አለች።

"መቶ አይደለም?" አለች ጓደኛዋ።

"ሃምሳ ሦስት ነው አልኩሽ። ነይና እዪ።"

ተማሪው ሁሉ ወንበሩን ጥሎ ባልዲውን ከበበው። ኋላ የቆመው ሰውዬ አንገቱን አስግጎ አየና ራሱን ነቀነቀ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ልጁን "ፈርሚ" አላት። ፈረመች። መምህርቷን ሳያመሰግን፣ ሳይቆጣም፣ አማቹን ሊጠይቅ ወደ ሆስፒታል ሄደ።

ልጅቷ ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። "ይህን አንብበው ያርሙልኝ" አለች። ቲቸር አላለችም። ሄዳ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀመጠች።

መምህርቷ ሰባ ሁለቱንም ደብተር ሰብስባ መምህራን ክፍል ገባች። ከምሳ በፊት ባለው ባዶ ክፍለ ጊዜዋ ሻይ ሳትጠጣ ከላይኛው ጀመረች። አንዱ ስለ ብስክሌት፣ አንዷ ስለ ፊኛ ጽፈዋል፤ ሁሉም ላይ ያው ቀይ ምልክት። ሰባተኛው የቀልደኛው ነበር። ጽሑፉ እንደ ጫማ ክር የተጠላለፈ ስለሆነ ጣቷን እያስከተለች አነበበችው፦

"አባቴ ዳቦ ቤት፣ ምድጃው አጠገብ፣ ትልቅ የጋዝ ሲሊንደር አለን። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ያገኘዋል። ሙቀቱ እጥፍ ሲሆን ጋዙ እጥፍ ስለሚሆን በየቀኑ ቀትር ላይ ለምሳ ስገባ፣ ሳይሞቅ በፊት፣ ቫልቩን ትንሽ ከፈት አድርጌ አስተነፍሰዋለሁ። እስካሁን አልፈነዳም።"

ከሥሩ፣ በራሷ እጅ፦ "በጣም ጎበዝ!"

ሰዓቷን አየች። አምስት ሰዓት ከሃምሳ። ተማሪው ለምሳ ተለቅቋል። ጠዋት ያረመችው ቁጥሩን ነው፤ እሳት አጠገብ ጋዝ አይለቀቅም አላለችም። ደብተሩን እንደያዘች ከወንበሯ ተነሣች፤ ኮሪደሩን በሩጫ ጨርሳ፣ ግቢውን አቋርጣ፣ በሩ ላይ ለሚተራመሰው ልጅ ሁሉ የቀልደኛውን ስም ስትጠራ ተሰማች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ።