በቃሌ የማውቀው ደንብ

ኮሌጃችን ትንሽ ናት። ከአንድ ባለአራት ፎቅ ሕንፃ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ፎቅ ተከራይታ ነው የምትኖረው። ከበታችን አንደኛው ፎቅ ላይ የቤት ዕቃ መሸጫ አለ፤ የቫርኒሹ ሽታ በደረጃው ሽቅብ እየወጣ ከተማሪዎቻችን ጋር ክፍል ይገባል። የማስተርስ ፕሮግራሞቻችን ሦስት ናቸው፤ የሦስቱም ትምህርት ከሥራ ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ነው የሚሰጠው። አዳራሽ የለንም፣ ግቢ የለንም፣ ደንብ ግን አለን። ደንቡ ደግሞ እኔ ነኝ።

እንዲህ ስል እየቀለድኩ አይደለም። ከዲኑ ጀምሮ እስከ በር ጠባቂው ድረስ ሁሉም የሚጠሩኝ ጋሼ አንቀጽ ብለው ነው። የድኅረ ምረቃ ሬጅስትራር ሆኜ በሠራሁባቸው አሥራ ሰባት ዓመታት የደንቡን መጽሐፍ ተማሪ ፊት ገልጬ አላውቅም። ተማሪው ጉዳዩን ተናግሮ ሳይጨርስ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አንቀጹን ከነንዑስ አንቀጹ አወርድለታለሁ። ሰው አፉን ይዞ ያየኛል። ያንን አስተያየት እወደዋለሁ፤ ምን አስዋሸኝ። ገልጦ ማንበብማ ማንም ያነባል።

አዋላጇ ወደ ቢሮዬ የመጣችው ባለፈው ዓመት፣ የምዝገባው ሳምንት ሊያልቅ አንድ ቀን ሲቀረው ነበር። በጤና ጣቢያ አዋላጅ ሆና እየሠራች የምትማር የሕብረተሰብ ጤና ተማሪያችን ናት። ኮርሶቿን በሙሉ ጨርሳ የመመረቂያ ጽሑፏን ጀምራለች። ከወለዱ በኋላ ለምርመራ የማይመለሱ እናቶችን ቤታቸው ድረስ እየሄደች ለምን እንዳልተመለሱ ትጠይቅ ነበር፤ የሦስት መቶ እናቶች መልስ በእጇ ነበር። የዚያን ቀን ግን ስለ ጽሑፏ አልነበረም የመጣችው። አባቷ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው አልጋ ይዘዋል፤ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም።

«ጋሼ፣ ዓመቱን ሙሉ ላቋርጥ ነው። ስንት ፎርም ልሙላ?» አለችኝ። ከሥራ በቀጥታ መምጣቷ ነው መሰለኝ ዓይኗ ቀልቷል።

«አንድ ፎርም ለዓመት ይበቃል። አንቀጽ ሃያ ሁለት» አልኳት፤ ዓይኔን መጨፈኔ አልቀረም። «ስለዚህ ነገር አታስቢ ልጄ። ሂጂና አባትሽን አስታምሚ።»

አንጀቴን በልታኝ ስለነበር ፎርሙን ራሴ ሞላሁላት። አመስግናኝ ሄደች። የዚያን ቀን ቤቴ የገባሁት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ለሚስቴም ነግሬያታለሁ።

ዓመቱ ሞልቶ አባቷን ቀብራ ተመለሰች። ከስታለች። ጽሑፏን ጨርሳ አስጠርዛ ይዛለች፤ አማካሪዋም ፈርሞበታል። የቀራት ለመጨረሻው ሴሚስተር ተመዝግባ ጽሑፏን በፈታኞች ፊት መከላከል ብቻ ነው። የምትሠራበት ጤና ጣቢያ የእናቶች ክፍል ኃላፊነትን ለእሷ ይዞ እየጠበቃት ነበር፤ ዲግሪው በዚያ ሴሚስተር ካልተያዘ ግን ለሌላ ሰው ይሰጣል። መታወቂያ ቁጥሯን ኮምፒውተሩ ላይ ስጽፍ «ትምህርቷን የለቀቀች» የሚል መጣ። ደግሜ ጻፍኩ። ያው ነው። ኮምፒውተሩን ሰደብኩት።

ከዚያ በአሥራ ሰባት ዓመት አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። መሳቢያዬን ከፍቼ ከነላስቲኩ የተቀመጠውን አዲሱን ደንብ አወጣሁና ገለጥኩት። አንቀጽ ሃያ ሁለት፣ ንዑስ አንቀጽ አንድ፤ ትምህርቱን ለጊዜው ያቋረጠ ተማሪ በየሴሚስተሩ ፎርሙን ማደስ አለበት። ንዑስ አንቀጽ ሁለት፤ ምዝገባው በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያላደሰ ተማሪ በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ከተመለሰም ኮርሶቹን እንደ አዲስ ይወስዳል።

ይህን ማሻሻያ የተየብኩት እኔ ነኝ። አዋላጇ ከመምጣቷ ሁለት ወር በፊት፣ የኮሌጁ የትምህርት ጉባኤ ባጸደቀው ማግሥት፣ በእነዚህ ጣቶቼ ነው የተየብኩት። ጣቴ ሲጽፍ ጭንቅላቴ ግን አሮጌውን ይዞ ቀረ፤ እኔም ጭንቅላቴን አምኜ አዲሱን አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ግን አንዱ ይበቃል ብለውኝ ነበር» አለች። መጽሐፉን በጠረጴዛው ማዶ ሆና እየተከተለች አንብባዋለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ ከፍ ብታደርግልኝ ይሻለኝ ነበር።

«ብያለሁ» አልኩ።

መውጫ ነበረው። ንዑስ አንቀጽ ሦስት እንዲህ ይላል፤ ስህተቱ የጽሕፈት ቤቱ መሆኑን ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ለጉባኤው ካረጋገጠ ተማሪው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ሠራተኛው እኔ ነኝ። በጉባኤው ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር መናገር ነው፤ ሌላ ምንም አይጠይቅም።

እሷ «እርስዎ የነገሩኝን ጠቅሼ ለጉባኤው አመለክታለሁ» ስትል ግን ላብ አጠመቀኝ። ማንም ከሥራ አያባርረኝም፤ ጡረታዬም ደርሷል። የፈራሁት ሌላ ነው። አምስት ሰው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ጋሼ አንቀጽ የራሱን ደንብ አያውቅም ሲባል ታየኝ። ዲኑ ሲስቅ፣ ወሬው ደረጃ ወርዶ ቫርኒሽ ቀቢዎቹ ጋ ሲደርስ ታየኝ።

«ስሚኝ ልጄ» አልኳት። «ጉባኤው በሠራተኛ ላይ ጣቱን የሚቀስር ተማሪ አይወድም። አንቺ ገብተሽ አዲሱን ደንብ በደንብ አልተረዳሁትም ነበር በይ፤ በዚያው ይብቃሽ። ስትወጪ እኔ አስረዳቸዋለሁ። ከእኔ አፍ ሲወጣ ይከብዳል።»

«ቃል ይገባሉ?»

«ገብቻለሁ።»

ይህን ስላት ከልቤ ነበር። አሁንም ከልቤ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ካላመንኩ ደግሞ እንዴት ውዬ አድራለሁ። ጉባኤው በሚቀመጥበት ሐሙስ ጠዋት ሚስቴ ሸሚዜን እየተኮሰች ሁሉንም ነገርኳት። መተኮሻውን አቆመችና አየችኝ።

«ልጅቷ ፊት ለምን አትናገርም?» አለች። «ከወጣች በኋላ የሚባል ነገር ምንድን ነው?»

«ያሠራር ጉዳይ ነው፤ አይገባሽም።»

«ገብቶኛል» አለችና መተኮሷን ቀጠለች።

ጉባኤው የሚቀመጠው ሦስተኛ ፎቅ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ የጋዜጣ መደርደሪያው ጎን ነው። አባላቱ አምስት ናቸው፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ድምፅ የለኝም፣ ካልተጠየቅሁም አልናገርም። ልማዳችን እንዲያ ነው። አዋላጇ ገብታ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዲኑ ለምን ፎርሙን እንዳላደሰች ጠየቃት። እሷም ልክ እንዳልኳት፣ አንዲት ቃል ሳትጨምር፣ «አዲሱን ደንብ በደንብ አልተረዳሁትም ነበር። አባቴን አስታምም ነበር» አለች። ወደ እኔ አንድ ጊዜ እንኳ አላየችም። ከዚያ አመስግና ወጣች።

በሩ ሲዘጋ ብዕሬን አስቀመጥኩ። አሁን ነው፣ አልኩ ለራሴ።

የስታቲስቲክስ መምህሩ ቀደመኝ። «የሚያስረዳት ሰው አልነበረም እንዴ? ጎበዝ ተማሪ ናት፤ እንዲህ ያለ ነገር በዝምታ የምታሳልፍ አትመስለኝም» አለ። ከዚህ የበለጠ በር ሊከፈትልኝ አይችልም ነበር። ዲኑ ወደ እኔ ዞሮ ፈገግ አለ።

«እስቲ ጋሼ አንቀጽ፣ ምን ይላል ደንቡ? መጽሐፍ ሳንገልጥ ይንገሩን።»

አምስቱም አዩኝ። ያንን የምወደውን አስተያየት አዩኝ። እኔ ደግሞ ያን ሰሞን አዲሱን ደንብ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሸምድጄው ነበር። ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ። አንቀጽ ሃያ ሁለት፣ ንዑስ አንቀጽ አንድ፤ ሳልደናቀፍ አወረድኩት። ንዑስ አንቀጽ ሁለት፤ ከነነጠላ ሰረዙ። ከዚያ ለትንፋሽ ቆም አልኩ። ሦስተኛው ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀጥሎም «ሠራተኛው እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ።

«ይገርማል እኮ» አለ ዲኑ፤ የሁሉን ፊት እያየ። «እኚህ ሰው ባይኖሩ ምን ይውጠን ነበር? እንግዲህ ግልጽ ነው። ደንቡም ይኸው፣ ልጅቷም ራሷ አምናለች።»

የስታቲስቲክስ መምህሩ ትከሻውን ነቀነቀና ወረቀቱን ገለበጠ። እጅ ወጣ፤ አምስት ለዜሮ። እኔም ዓይኔን ገልጬ ጻፍኩት፦ ተማሪዋ በፈቃዷ እንደለቀቀች እንዲቆጠር፣ ከፈለገች በሚቀጥለው ዓመት እንደ አዲስ እንድትመዘገብ። የእጅ ጽሑፌ ያምራል ይሉኛል። የዚያን ቀንም አምሮ ነበር። ሌሎች ሁለት ጉዳዮች ነበሩን፤ እነሱንም ጻፍኩ። በመካከል ሦስት ጊዜ ያህል አፌን ልከፍት ብዬ ዘጋሁት። ሰው አፉን መክፈት እንዴት ያቅተዋል ብሎ የሚጠይቀኝ ካለ፣ እኔም አላውቅም። ከደቂቃ ወደ ደቂቃ እየከበደኝ ሄደ እንጂ እየቀለለኝ አልሄደም። አልቆ ሁሉም ሲነሱ መዝገቤን ይዤ የመጨረሻው ሆኜ ወጣሁ።

ኮሪደሩ ውስጥ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ የተጠረዘው ጽሑፏ ጭኗ ላይ ነው። አባላቱ በፊቷ ሲያልፉ ለእያንዳንዳቸው ብድግ ብላለች። እኔን ስታይ ፊቴን አነበበችው።

«አልሆነም?» አለች።

«አልሆነም ልጄ።»

ለጥቂት ጊዜ ጽሑፏን በመዳፏ ስትዳብሰው ቆየች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ነገሯቸው?» አለችኝ።

አሁንም አልመሸም ነበር። ዲኑ ደረጃውን ገና እየወረደ ነው፤ ጫማው ይሰማኛል። ብጠራው ይመለሳል።

«ነገርኳቸው» አልኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው አልኳቸው፤ አልሰሙኝም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላፈሰሰችውም ግን። የእሷ ሥራ ሌላው ሲጨነቅ ራሷን መያዝ ነው፤ ለምዳዋለች። ተነስታ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ፤ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበርና በእሷ ኀዘን የተንቀጠቀጠ መስሏት ነው።

«አይዞዎት ጋሼ» አለች። «በእርስዎ ዕድሜ ሰው ፊት ቆሞ አጠፋሁ ማለት ቀላል አይደለም። እኔ እንኳ ይናገራሉ ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ይህን አልረሳልዎትም።»

ዲኑ ከሥር የመንገዱን በር ከፍቶ ወጣ። እሷም ክንዴን እንደያዘች አይዞዎት፣ አይዞዎት እያለች እስከ ደረጃው አፍ ሸኘችኝ፤ እኔም ተጽናናሁ።