ዋንዛው የተቆረጠበት ቡና

የመዲና ባል አብዱልወሀብ ጣሊያን ደሴ በገባ በዓመቱ ንዳድ ጣለውና ሞተ። ሐርቡ አጠገብ ከምንጩ ግርጌ ያለውን የቡና ማሳቸውን ሽማግሎች ለሁለት ከፈሉት፤ እኩሌታው ለመዲናና ለልጇ ለኡሙሰልማ፣ እኩሌታው ለሟቹ ታናሽ ወንድም ለሙሄዲን ሆነ። ከቡናው በላይ የአያት የቅድመ አያት ዋንዛዎች እንደ ጣራ ተንሰራፍተው ነበር።

ያን ጊዜ ጣሊያን ኮምቦልቻ ላይ መንገድና ድልድይ ይሠራል፤ እንጨት እንደ ጉድ ይፈለጋል። ሙሄዲን ከአንድ ጣሊያን እንጨት ገዢ ጋር ተዋውሎ መጣ።

«እቴ መዲና፣ በኔ ድርሻ ያሉትን ዋንዛዎች ላስቆርጣቸው ነው» አላት።

«ወንድምህ ቡና ያለ ጥላ አይኖርም ይል አልነበር?»

«አላህ ይማረውና፣ እሱስ መች ሞክሮት ያውቃል? ፀሐይ የሚጠላ አዝመራ የት አይተሻል? ዛፍ ሥር የበቀለ ማሽላ ቀጭጮ አይቀርም?»

መዲና ባሏ ያለውን ታውቃለች፤ ለምን እንዳለው ግን አልነገራትም።

ዋንዛዎቹ ወደቁ። በበልጉ የሙሄዲን ቡና ከላይ እስከ ታች ነጭ አበባ ለበሰ፤ ሲያፈራም ቅርንጫፉ መሬት እስኪነካ ጎበጠ። የመዲናው እንደ ወትሮው ጥቂት ጥቂት ያዘ። ሰፈርተኛው ሁሉ ሙሄዲንን አመሰገነ፤ እሷን «የሙት ቃል ይዛ የምትደኸይ» አላት። ይባስ ብሎ የገዛ ልጇ ኡሙሰልማ አንድ ቀን፣ «እማ፣ አባቴን በዛፍ ነው እንዴ የምታስቢው? እኛስ መች ይለፍልን?» አለቻት። ይህ ከሁሉ አንገበገባት።

ሙሄዲንም መመላለሱን አልተወም። «ያንቺንም እናስቆርጠው» ይላታል። አንድ ቀን በሱ ማሳ ሲያልፉ መዲና ቆም አለች።

«ቅጠሉ ለምን ገረጣ?»

«የወለደች አትገረጣም? አራስ ነው። ዝናብ ሲያገኝ ይመለስለታል» አላት።

አመነችው። እሽ አለች። መጥረቢያ ይዘው ለመጡት ሰዎች ንፍሮ ቀቅላ ያቀረበችውም ራሷ ነበረች።

ዝናቡ መጣ፤ የሙሄዲን ቡና ግን አልተመለሰም። ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፤ መሐሉ በጋለ ብረት የተተኮሰ ይመስል ጠቆረ፤ ቅርንጫፉም ከጫፉ ጀምሮ እየደረቀ ወረደ። የመዲናው በፈንታው በዚያ ዓመት ተሸክሞት የማያውቀውን ፍሬ ተሸከመ። እሷ ግን ደስ አላላትም፤ ነገሩ አሁን ገባት። ዋንዛው የፀሐዩን ግለት ሲያበርድለት ቡናው በልክ ያፈራ ነበር፤ ፀሐዩ ያለ ከልካይ ሲወርድበት ያለ የሌለ ጉልበቱን ለፍሬው አፈሰሰ፤ ለራሱ ያስቀረው አልነበረም። በተከታዩ ዓመት የሷም እንደዚያው ከጫፉ መድረቅ ጀመረ፤ የያዛት ጥቂት ፍሬም ሳትበስል ጠቁራ ረገፈች።

ሙሄዲን ደጃፏ ላይ መጥቶ ተቀመጠ። ቀና ብሎ አላያትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችው። «አራስ ነው ስትለኝ፣ መድረቁን ታውቅ ነበር?»

«ቅርንጫፉ በእጄ ቀጭ ብሎ ተሰብሮ ነበር» አለ። «ጣሊያኑ እንጨቱ አልሞላልኝም አለ። ካላመጣህ አሳስርሃለሁ አለኝ። ወላሂ ፈራሁ።»

«እኔንስ አልፈራህም?»

«አንቺ ምን ታደርጊኛለሽ?» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነበር የተናገረው። ለዚህም ነው ቃሉ እንደ እሬት የመረራት።

«ተነሥ ከደጄ» አለችው። ተነሥቶ ሄደ።

ቡናው ተነቅሎ ማገዶ ሆነ። ኡሙሰልማ ደሴ ወጥታ ፒያሳ አንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ሆና ተቀጠረች። ለዒድ ስትመጣ እጇ በሳሙና ተሰነጣጥቋል። ማሳውን ዞራ አየችና ተመልሳ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች።

«እማ፣ እኔ ነኝ አይደል? እኔ ባልናገርሽ ኖሮ...»

መዲና የሙሄዲንን ነገር ልትነግራት አፏን ከፈተች። ግን ልጅቱ በአባቷ በኩል ያላት ዘመድ እሱ ብቻ ነው፤ ደሴ ድረስ ስንቅ የሚያደርስላትም እሱ ነው።

«አንቺ አይደለሽም። ፀሐይ በዛበት» አለቻት።

ኡሙሰልማ አላመነቻትም። አንገቷን ደፍታ፣ የተሰነጠቀ እጇን ቅቤ ትቀባ ጀመር።