የጎማው ወለል

ጉልላት የሸራውን ጫፍ በጉጠት ነክሶ ወደ ግድግዳው ሲስብ እግሩ ከዳውና ወለሉ ላይ ዘፍ አለ። አላመመውም። ብድግ አለና ሆን ብሎ እንደገና ወደቀ። አሁንም አላመመውም። ጎልማሳ ሰው በጠራራ ፀሐይ ቤት ዘግቶ ብቻውን ሲወድቅና ሲነሳ የሚያየው ባለመኖሩ ፈጣሪውን አመስግኖ የመጨረሻዋን ምስማር መታ።

አዋሽ ሰባት ላይ እንደ እሱ ያለ ጎማ ጠጋኝ ጎሚስታ አሮጌ ጎማ አይቸግረውም። በጅቡቲ መንገድ የሚመላለሱት ከባድ መኪኖች ጥለውለት የሚሄዱትን ሰብስቦ፣ ለሁለት እየሰነጠቀ፣ ሆዱን በሰጋቱራ እየሞላ ክፍሉን ሙሉ ደረደረና የጭነት መኪና ሸራ ወጠረበት። ያሳደጋት ልጅ ኩኩ የቱንም ያህል ብትወድቅ አጥንቷ አይነካም። የቴኳንዶ መርገጫውን ከረጢትም ከዚያው ሸራ ሰፍቶ ቡትቶ ጨርቅ ጠቅጥቆበታል፤ አሸዋ የልጅ እግር ይሰብራል። ግድግዳው ላይ የሟች ሚስቱን የዕፀገነትን የቁም ሳጥን መስታወት ነቅሎ ሰቅሏል። ክፍሉ የራሱ መኝታ ቤት ነበር። አልጋውን ግቢ አውጥቶታል፤ ለጠየቀው ሁሉ "በአዋሽ ሙቀት ቤት ውስጥ የሚተኛ ሞኝ ነው" ይላል።

ይህን ሁሉ ያደረገው ኩኩ ስለከፋት ነው። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በከረመበት ሰሞን፣ ጉልላት ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ቴኳንዶ የሚያሰለጥንበት አዳራሽ ግድግዳው ተሰነጠቀና ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ዝም አለች። ምግብ ትነካካለች እንጂ አትበላም፤ ስልኳን ይዛ ጥግ ትፈልጋለች፤ ሲጠሯት ትደነግጣለች። ጉልላት ብዙ አልተመራመረም። ልምምዱ ቢቀርባት ነው አለና ጎማ መሰንጠቅ ጀመረ።

ወላጇ አይደለም። ወላጇ ታሪኩ ጥርስ ሳታበቅል ጥሏቸው ጅቡቲ ገባ፤ ጉልላት ዕፀገነትን ሲያገባ ኩኩ ገና ኮልታፋ ነበረች። ዕፀገነት ስትሞት ሁለቱ ብቻ ቀሩ። በየውድድሩ "ኩኩ ታሪኩ!" ተብሎ ሲጠራ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ የሚያጨበጭበው ጉልላት ነው። የአባቷ ስም የሌላ ሰው መሆኑ ቅር ብሎት አያውቅም።

"አንተ ሰውዬ፣ ቤት ነው የምትሠራው መርከብ?"

በሩን ገፋ ያደረገችው ጎረቤቱ ኑርሀያት ነበረች። ከወሎ መጥታ ከእሱ ጎማ ቤት ጎን ሱቅ ከከፈተች ቆይታለች፤ ዕፀገነት ስትሞት ልጅቷን እንደ እናት የያዘቻት እሷ ናት።

"ግቢና ርገጪው እስቲ፣ እትዬ ኑርሀያት።"

"እኔ? ወላሂ እዚህ ላይ ከወደቅኩ በክሬን ነው የምታነሱኝ።"

ቀልዱ የእሷ ነው፤ ሳቁ ግን አልመጣም። የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች ወለሉን ታያለች።

"ምነው፣ ምን ሆነሻል?"

"ኩኩ ምንም አልነገረችህም?"

"ስለ ምን?"

"እኔ ምን አውቄ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።" ልትሄድ ዞረችና መሄዱ አልሆንላት አለ። "ብቻ ሻንጣዋን እኔ ጋ ካስቀመጠች ሰነበተች። ይሄን ሁሉ ስትለፋ እያየሁ ዝም ማለት ሐራም ሆነብኝ። አላህ ያበርታህ።"

"ለውድድር ይሆናላ" አለ ጉልላት።

ኑርሀያት ወደ ሱቋ ተመለሰች። ውድድር እንደሌለ ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

ኩኩ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ጠበቃት። የሻንጣውን ነገር ወደ ሆዱ መልሶ ዓይኗን በመዳፉ ከድኖ አስገባት። "አሁን ክፈቺ!" አላት። ወለሉን አየች፣ ከረጢቱን አየች፣ የእናቷን መስታወት አየች። ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ቆማ ቀረች።

"ምን ይገትርሻል? አንዴ ርገጪልኝ፣ ድምፁን ልስማው።"

ጫማዋን አወለቀች። ዞር ብላ ከረጢቱን ረገጠችው። ድምፁ ያምር ነበር። ጉልላት "እሰይ!" ብሎ እንደ ልጅ አጨበጨበ። ሁለተኛውን ልትረግጥ እግሯን አንስታ መልሳ አወረደችው፤ ከዚያ ከረጢቱን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች።

ደስታ ነው ብሎ ራሱን ሊያታልል ሞከረ። አልሆነለትም።

"ሻንጣሽ ኑርሀያት ጋ ምን ይሠራል?"

"አባዬ…"

"ንገሪኝ።"

"ሰመራ ልሄድ ነው። አባቴ ጋ።" ፊቱን ስታይ ቶሎ ብላ አረመችው። "ታሪኩ ጋ። ከጅቡቲ ተመልሶ እዚያ ነው የሚኖረው። ሰመራ ለውድድር የሄድን ጊዜ ስሜ ሲጠራ ሰምቶ መጣ። አንተ ልጆቹን ክብደት ታስመዝን ነበር። ከዚያ ወዲህ እንደዋወላለን።"

"መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ዛሬ። እናቱን፣ አያቴን፣ አዳማ ዓይኗን አሳክሞ ሲመለስ በዚህ ያልፋል።"

ጉልላት ወለሉ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ አዳራሹ ተዘግቶ የከፋሽ መስሎኝ ነው።"

"አውቃለሁ።" እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። "በየቀኑ ነገ እነግረዋለሁ እላለሁ። አንተ ደግሞ በየቀኑ ጎማ ትሰነጥቃለህ። ነገ፣ ነገ ስል ክፍሉ አለቀ።"

"ምን አጎደልኩብሽ?"

"ምንም! ምንም አላጎደልክብኝም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሜ በተጠራ ቁጥር፣ ይሄ ታሪኩ የሚባል ሰው ማን ነው እላለሁ። ሳየው ጆሮው ቁርጥ የእኔ ጆሮ ነው። ትናንሽ ወንድሞችም አሉኝ አለኝ። እንዴት አልሂድ?"

ይህን እንዴት አድርጎ ይከራከረዋል? ስድብ ቢሆን ይመልሳል፤ ጥጋብ ቢሆን ይቆጣል። ልጅ አባቷን ማወቅ ፈለገች፤ ሌላ ጥፋት የላትም። ጉልላት ለዚህች ልጅ ሲል ሁለተኛ ትዳር አልያዘም፤ ወንድሙ ባሕር ዳር ና ሲለው አልሄደም። አንድም ቀን ቆጭቶት አያውቅም ነበር። አሁንም ያሳዘነው የቀረበት ነገር አይደለም፤ ነገ ጠዋት ሻይ አፍልቶ "ኩኩ፣ ተነሺ" የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው።

"አንድ ነገር ደግሞ አለ" አለች ቀስ ብላ። "አያቴ ስላንተ አታውቅም። የእማዬ ዘመዶች ጋ፣ ታሪኩ ገንዘብ እየላከ ያደግኩ ነው የሚመስላት። እንደዚያ ብሏታል።"

ጉልላት ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

"እሱ? በእሱ ገንዘብ ነው ያደግሽው? ወባ ይዞሽ ስትቃዢ አዝዬሽ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስዞር እሱ የት ነበር? አያትሽ ትምጣ! ዛሬ እውነቱን ከእኔ አፍ ትሰማለች!"

"ንገራት" አለች ኩኩ። "እውነትህን ነው። አልከለክልህም።"

ይህን ብላ ልብሷን ልትለውጥ ወጣች። ብትለምነው ይሻለው ነበር።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነጭ መኪና ጎማ ቤቱ ፊት ቆመ። ታሪኩ ወረደ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ያለ ሰው ነው። ጆሮው ልክ እሷ እንዳለችው ነው። ጉልላት ለዚህ ሰው ያዘጋጀው ስድብ ብዙ ነበር፤ ሰውዬው ግን ገና ሳይናገር ተሸንፎ የመጣ ይመስላል።

"ወንድሜ" አለ ታሪኩ ወደ መኪናው እየሰረቀ እያየ። "ያንተን ውለታ በምን…"

"ሻንጣዋ ሱቁ ውስጥ ነው። አንሳላት።"

ኑርሀያት ኩኩን ደረቷ ላይ ለጥፋ ጆሮዋ ሥር ዱዓ እያደረገችላት ነበር። ስትለቃት ልጅቷ ወደ መኪናው ሄደች። የኋላው መስኮት ተከፈተና ዓይናቸውን በጥቁር መነጽር የጋረዱ አሮጊት ሁለት እጃቸውን ወደ ውጭ ዘረጉ።

"ነይ የልጄ ልጅ! እስቲ ልዳስስሽ። እንዲህ አድገሻል? በስመአብ! ሳልሞት ለዚህ ያበቃኝ አምላክ ይመስገን።"

ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ ክንዷን እያገላበጡ ሳሟት። ኩኩ ታለቅሳለች፣ ትስቃለችም። ጉልላት እንዲህ ስትስቅ ካያት ቆይቷል። ሊሰናበታት ሁለት እርምጃ ቀረብ ሲል አሮጊቷ ጥላውን አዩና እጁን ለቀም አደረጉት። የጎሚስታ ሻካራ እጅ መሆኑ ሳይገባቸው አልቀረም፣ መዳፉን በአውራ ጣታቸው አሸት አሸት አደረጉት።

"ይሄ ደግሞ ማነው? ምኗ ነህ፣ ልጄ?"

ታሪኩ ሻንጣውን እንደያዘ ባለበት ደረቀ። ኩኩ ቀና ብላ ጉልላትን አየችው። ጉልላት ከቀትር ጀምሮ ሲያሰላስለው የዋለው ነገር ሁሉ ምላሱ ላይ ነበር። አንዲት ቃል ትበቃው ነበር። የልጅቷን ፊት አየ፤ አሮጊቷ ክንዷን ገና አልለቀቁትም።

"አሰልጣኟ ነኝ፣ እማማ" አለ። "ቴኳንዶ አስተምራታለሁ።"

"እሰይ! እግዜር ይስጥህ። ጉልበቷን በእጄ ዳስሼ አውቄዋለሁ፣ ጎበዝ አድርገሃታል።" ከዚያ የቤት ወግ የሚያውቁ ሴት ናቸውና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁት። "ልጄ ታሪኩ ገንዘብ ሲልክ የአንተን ደመወዝ አጓድሎብህ አያውቅም? ካለ አሁን ንገረኝ፣ እኔ አስከፍለዋለሁ።"

ጉልላት እጁን ከእጃቸው ቀስ ብሎ አወጣ።

"ተከፍሎኛል፣ እማማ" አለ።