መምሬ ሲነሡ ማን ይቀመጣል

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ እውነት ነው። እንዲህ ብዬ የምጀምረው ሰው ስለሚያውቀኝ ነው። አንድ ጊዜ የጋሸና ነፋስ ባጃጄን ከነተሳፋሪዎቹ አንሥቶ አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ አሳረፈን ብዬ አውርቻለሁ። እሱ ውሸት ነበር፤ ተሳፋሪ አልነበረኝም። ይኼኛው ግን አንዲት ሐሰት የለበትም፤ ከዋሸሁ ባጃጄ ዳገት ላይ ትቁም።

አጎቴ አያ አረጋ ግንበኛ ነበሩ። የይምርሐነ ክርስቶስን ዳገት ድንጋይ ተሸክመው ይወጡ የነበሩ ሰው ናቸው። ስኳር በሽታ ሲይዛቸው ሐኪም ዕረፍት አዘዘላቸው። ሐኪሙ ያለው ለአንድ ሳምንት ነበር፤ እሳቸው ስድስት ዓመት አደረጉት። ሱቅ በራፍ ላይ ተቀምጠው የእንጨት መስቀል ሲቀርጹ እግራቸው ሟሟ። ኋላ ኋላ ከበርጩማ ለመነሣት የእኔን አንገት መያዝ ግድ ሆነባቸው።

በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ሲገባ ቁጭ ብሎ መቀበል ነውር ነው። ብድግ ብለህ «ኖር» ትላለህ፤ የገባው «በእግዜር» ይላል፤ ከዚያ ሁሉም ይቀመጣል። አያ አረጋ አምና አንድ ተዝካር ላይ ቁጭ እንዳሉ «ኖር» አሉ። ሰዉ እንዳላየ አለፈው። እሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲያ ሰው ቤት አልሄዱም።

ይኼም ባልከፋ። የጋሸና ሰዎች የአያ አረጋን ልጅ ሰብሌን ለወንድ ልጃቸው ፈልገው ከገና በኋላ ሽማግሌ እንደሚልኩ ወሬው ደረሰን።

«ሽማግሌ ቤቴ ገብቶ እንደ ጆንያ ተጎልቼ ልቀበለው ነው?» አሉኝ። «አባቷ ሰው አያከብርም ሊባል ነው፣ ደሳለ።»

በመስቀል ሰሞን ዶክተር ትሕትና የምትባል ተመራማሪ ከተማችን ላሊበላ መጣች። ሥራዋ ጡንቻ ነው። ሃያ አራት የስኳር ሕመምተኛ ሽማግሌዎች ሰበሰበች፤ እኔን ደግሞ እነሱን በባጃጅ እንዳመላልስና እንድቆጥርላት ቀጠረችኝ። ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርሁ ሰው ነኝና እስከ አሥር መቁጠር አያቅተኝም።

«ጡንቻ ጎተራ ነው» አለቻቸው። «ከምግብ ወደ ደም ከገባው ስኳር ብዙውን የሚቀበለው እሱ ነው። ሥራ ሲፈታ ይሟሟል፣ በሩንም ይዘጋል፤ ስኳሩ ደጅ ለደጅ ይንከራተታል። ሥራ ሲያገኝ ይከፍትለታል።»

«የእኔን ጎተራ ምስጥ ጨርሶታል» አሉ አያ አረጋ።

«ምስጥ የበላው ጎተራ ይታደሳል፣ አባቴ።»

ከዚያ ዕጣ አወጡ። ግማሾቹ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ለአሥራ ሁለት ሳምንት፣ ከአግዳሚ ወንበር መነሣትና መቀመጥ ነው ሥራቸው። ግማሾቹ ቁጭ ብለው ስለ ምግብ ትምህርት ይሰማሉ። እኔ ተነሺዎችና ተቀማጮች አልኋቸው። የሰማንያ ዓመቱ ካህን መምሬ ወልደ ኪዳን ከተነሺዎቹ ወጡ። አያ አረጋ ከተቀማጮቹ።

«ልጄ፣ ይችን ዕጣ ቀይሪልኝ» አሏት።

«ዕጣ ከቀየርሁ ማወዳደር አልችልም፤ ጥናቱ ሞተ ማለት ነው። ከገና በኋላ እናንተም ትሠራላችሁ።»

«ከገና በኋላማ ሽማግሌው ገባ።»

አንገቷን ደፋች። አዝናለች፤ ግን አልቀየረችም። ያኔ ነው ሰይጣን በጆሮዬ ሹክ ያለኝ።

ለሁለቱ ወገን ሁለት ክፍል ተከራይታ ነበር። በነጋታው «ዶክተር፣ አንደኛው ክፍል ንብ ሰፍሮበታል» አልኋት። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ሲወለድ ንብ ከከበበው ንጉሥ ነውና በላሊበላ የሰፈረ ንብ ለማባረር የሚደፍር የለም። እሷም ታውቃለች፤ እናቷ የሰቆጣ ሰው ናቸው። ብትጠጋ ከበሩ ወዲያ እዝዝዝ የሚል ሰማችና ወደኋላ አለች። ስልኬ ነው፤ የባጃጄን ሞተር ቀድቼ ከውስጥ ትቼዋለሁ።

እንዲህ ሆኖ ሁለቱም ወገን ሌላኛው ክፍል፣ አዳራሹ ውስጥ ገባ። አግዳሚዎቹን ፊት ለፊት ደረደርኋቸው፤ መምሬን መሐል ላይ፣ ከአያ አረጋ ትይዩ አስቀመጥኋቸው። ዶክተሯ የምግቡን ትምህርት በድምፅ ማጉያ ለቀቀችና ደም ልትለካ ወደ ጓዳ ገባች፤ ከዚያም ወዲያ ልማዷ ይኸው ሆነ።

«አንድ» አልሁ።

መምሬ መቋሚያቸውን ግድግዳ አስደግፈው ብድግ አሉ። እንግዲህ የንስሐ አባት ቆመው ማን ይቀመጣል? ተቀማጮቹ በሙሉ «ኖር አባታችን» እያሉ ተነሡ።

«በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ መምሬ። ተቀመጡ።

«ሁለት» አልሁ።

አሥር ጊዜ፣ ሦስት ዙር። አያ አረጋ የመጀመሪያው ቀን ከአግዳሚው ስንዝር ያህል ከፍ ብለው «ኖር» አየር ላይ ቀረችባቸው። ግንባራቸው በላብ ተጠመቀ። መምሬ ይህን አዩ። ሲወጡ ክንዴን ያዙና፦

«አንተ ደሳለ፣ እኔን እንደ ደወል የምትደውለኝ ለእሱ ብለህ ነው?»

«ተው ካሉኝ እተዋለሁ፣ አባ።»

ወደ አያ አረጋ መለስ ብለው አዩ። «ቁጥሩን ቀስ አርገው። ይደርስብናል።»

ቀስ አደረግሁት። በሦስተኛው ሳምንት አያ አረጋ አግዳሚውን ገፍተው ተነሡ። በሰባተኛው ጉልበታቸውን ተደግፈው። በአሥረኛው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ሲነሡ አቶ አዝመራው የሚባሉ ተቀማጭ «ምነው፣ ሹመት አገኘህ እንዴ?» አሏቸው። «ቅናት ስኳር ይጨምራል» አሉ አያ አረጋ፣ እየተቀመጡ።

በታኅሣሥ መጨረሻ ዶክተሯ ለካች። ተነሺዎቹ ጠንክረዋል፣ ስኳራቸውም ቀንሷል። ተቀማጮቹም እንደዚያው። መሣሪያው ተበላሽቷል ብላ የእጅ ጭብጥ ጉልበት መለኪያውን በራሷ እጅ ሞከረች፣ በእኔ ሞከረች። ወረቀቷን ዘርግታ ራሷን ያዘች።

«ቁጭ ብሎ ትምህርት መስማት ጡንቻ አያወጣም፣ ደሳለ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። የሁለት ዓመት ዝግጅቴ ነው።»

ይህን መቻል አቃተኝ። «ዶክተር፣ አዳራሽ ይግቡና ከተቀማጮቹ ጋር ይቀመጡ» አልኋት። ተቀመጠች። መምሬን ከደጅ ጠራኋቸው። ገና መቋሚያቸው ብቅ ሲል አግዳሚው በሙሉ ብድግ፤ ዶክተሯም እስክርቢቶዋን እንደያዘች ብድግ ብላ «ኖር» አለች።

«በእግዜር» አሉ መምሬ።

ሁሉም ተቀመጠ፤ እሷ ቆማ ቀረች። የገዛ እግሯን አየች። ፊት ለፊት ያሉትን አግዳሚዎች አየች። ከዚያ እኔን።

«ንቡስ?»

«ስልኬ ውስጥ ነው።»

ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ባጃጄ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች።

«ጥናቴን ገድለኸዋል። ሁሉም ከሠራ ማንን ከማን ላወዳድር? የሆነውን እንደሆነው እጽፋለሁ፤ ከመስከረም ጀምሮ ሁለቱን ወገን በተለያየ ቀበሌ አድርጌ እንደገና እሠራዋለሁ።»

«ንብ ካልሰፈረ።»

«አንተን እዚች ባጃጅ ላይ አስሬ ነው የምጀምረው።» ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች። «ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመጡት?»

«እሑድ።»

«እኔም እመጣለሁ።»

እሑድ መጣች፤ ከእኔ ጎን ጥግ ላይ ቆመች። አያ አረጋ ነጭ ለብሰው መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ መደብ ደግሞ ከአግዳሚ ዝቅ ይላል፣ ይከብዳል። አራቱ ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው ደጃፉ ላይ ብቅ አሉ። አንገቴን ላስይዛቸው ስራመድ በዓይናቸው ከለከሉኝ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩና እንደ ወጣት ብድግ።

«ኖር» አሉ፤ በሙሉ ቁመታቸው።

«በእግዜር፣ በእግዜር» አሉ ሽማግሌዎቹ።

ሰብሌ ከመጋረጃው ኋላ ትንፋሿን ስትለቅ ተሰማኝ። ከጎኔ ዶክተሯ በለሆሳስ «አንድ» ብላ ቆጠረች።

ይኸው ነው፤ ሁሉም እውነት ነው። አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬያለሁ፤ ሰብሌ ስታነብበው ስለምትታዘበኝ ልናገር። ዶክተሯ «አንድ» አላለችም። ያለችው «ሁለት» ነው። በመጀመሪያው አያ አረጋ ከመደቡ እስከ እኩሌታ ተነሥተው ተመልሰው ቁጭ አሉ። ያን ጊዜ ሦስቱ ሽማግሌዎች ጣራውን እያዩ ስለ ማገሩ ማውራት ጀመሩ፤ አራተኛው ያልተፈታ ጫማውን ሊያስር ደጃፉ ላይ ጎንበስ አለ፤ አያ አረጋ እስኪነሡም ድረስ ቀና አላለም።