የተራራው ተራ

ሰኞ ጠዋት ባንቺዓለም ወደ አስጎብኚዎች ማኅበሩ ቢሮ ስትገባ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የተራራ ተራ ዝርዝር ውስጥ ስሟ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ አገኘችው። ከጎኑ አንድ ቃል ተጽፏል፦ «ነፃ»።

ቃሉን ታውቀዋለች። ትምህርት ቤት ሳለች የስፖርት መምህሩ በስሟ ትይዩ የሚጽፉት ይህንኑ ነበር። ነፃ ማለት ሌሎቹ ሲሮጡ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የሰው ጃኬት መጠበቅ ነው። ስምንት ዓመት ጃኬት ጠበቀች። ሐኪም አላዘዘም፣ ወላጅ አልጠየቀም፤ መምህሩ አንድ ቀን ደረቷ ሲያፏጭ ሰምተው ፈሩ፤ የፈሩትም ለእሷ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር። እኛ አገር ሰውን ከኑሮ ገፍቶ ማስወጣት የፈለገ ሰው «ውጣ» አይልም። «ነፃ ነህ» ይላል፤ የተገፋውም ሰው ምስጋና እንዲያቀርብ ይጠበቅበታል።

አሁን ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አሥራ አንድ አባላት ባሉት የእግር ጉዞ አስጎብኚዎች ማኅበር ውስጥ ሁለት ዓመት ሙሉ እንግዶችን ወደ ተራራ ይዛ ወጥታለች። ዝርዝሩን ከግድግዳው ገንጥላ ሊቀመንበሩ ምሥጋናው ጠረጴዛ ላይ አኖረችው።

«ጋሽ ምሥጋናው፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተቀመጪ እስቲ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ሐሙስ ለት በር ላይ ያንን ነገር ስትስቢ አየሁሽ።»

«ፓፉን? የአስም መድኃኒት ነው። ሰርቄ አልሳብኩት።»

«አስም እንዳለብሽ መች ነገርሽን?»

«እርስዎስ የጉልበትዎን ሪህ መች ነገሩን?»

ጥግ ላይ ጫማውን የሚያስረው አዝመራው፣ ከማኅበሩ ነባር አስጎብኚዎች አንዱ፣ ሳቁን በሳል አፈነው። ምሥጋናው ድምፁን አለሰለሰ።

«እኔ የማስበው ላንቺ ነው፣ ልጄ። የገና በዓል እየደረሰ ነው፣ እንግዳ ይበዛል። ተራራ ላይ ብትወድቂ ማን ይጠየቃል?»

«በሁለት ዓመት ስንቴ ወደቅሁ?»

«አልወደቅሽም። ወደፊት ግን ትወድቂያለሽ።»

«ነቢይ ሆኑልና!»

«ከተማ ውስጥ አስጎብኚ። ቀላል ነው፤ ለሴትም ይስማማል።»

«ኧረ ጋሼ፣» አለ አዝመራው ቀና ብሎ፣ «እርስዎም እኮ ይቺን የቢሮ ደረጃ ሲወጡ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ነው የሚሉት።»

ቢሮው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ምሥጋናው ፊቱ ጠቆረ። ሳቅ ያናደደው ሹም ደግሞ ሕግ ያወጣል።

«ቅዳሜ አሸተን ማርያም ገዳም እንወጣለን። አሥራ ሁለት ኪሎ ትሸከሚያለሽ። ሳታርፊ ከወጣሽ ስምሽ ይመለሳል። ካረፍሽ አበቃ!»

«ሳላርፍ?»

«ሳታርፊ።»

እንዲህ ያለ ሕግ በማንም ላይ ወጥቶ አያውቅም። ለጤነኛ ሰው ዕረፍት ዕረፍት ነው፤ ለእሷ ግን ማስረጃ ይሆንባታል።

ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ አብዱልከሪም ሄደች። አብዱልከሪም የባጃጅ መካኒክ ነው፤ ከጋራዡ ጀርባ ባለችው ክፍል ደግሞ ጂም ከፍቷል። ክብደቶቹ በሲሚንቶ የተሞሉ የወተት ዱቄት ቆርቆሮዎች ናቸው፤ የሚሳበው ላስቲክ አሮጌ የባጃጅ ጎማ ከመነዳሪ ነው። ባንቺዓለም በሳምንት ሦስት ቀን እየመጣች ሁለት ዓመት እዚያ ላቧን አፍስሳለች። የላከቻት የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሲስተር ሰአዳ ነበረች። «ሳንባሽን የሚጎዳው መሥራትሽ አይደለም፣ አለመሥራትሽ ነው። እግርና ጀርባሽ ሲጠነክር ዳገቱ የሚጠይቅሽ ትንፋሽ ይቀንሳል። የየዕለቱን መድኃኒት አታቋርጪ፤ ማስታገሻውን ፓፍ ስፖርት ከመጀመርሽ ሩብ ሰዓት በፊት ሳቢው፤ ሰውነትሽን ሳታሟሙቂ አትነሺ፤ ደረትሽ ከጠበበሽ ቁሚ» ብላ ነበር። ይህን ለመስማት ባንቺዓለም ሃያ አምስት ዓመት መጠበቅ ነበረባት። መጀመሪያ ቆርቆሮ ያልተሰካበት ባዶ ቧንቧ ማንሳት እንኳ አስጨንቋት ነበር። አሁን የራሷን ግማሽ ክብደት ትከሻዋ ላይ አድርጋ ቁጢጥ ብላ ትነሳለች።

የሆነውን ነገረችው። አብዱልከሪም ግራሶ የነካው እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ወላሂ፣ በአራት ቀን ጡንቻ አይበቅልም። ያለሽን ይዘሽ ነው የምትወጪ። ሐሙስን ቀለል አድርገሽ ሥሪ፤ ዓርብ ቆርቆሮውን እንዳትነኪ። አብሽሪ!»

ዓርብ ከሰዓት አዝመራው መንገድ ላይ ጠበቃት።

«እታለም፣ አንድ ዘዴ ልንገርሽ። አሸተን ብቅ የምትልባት መታጠፊያ ጋ ሰው ሁሉ ቆሞ ይሳለማል አይደል? አንቺም ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ጎንበስ በይና በነጠላው ሥር ሳቢው። ማን ያይሻል? እኛስ እዚያ ጋ ያን ያህል የምንቆይ ለማርያም ብቻ መስሎሻል?»

ባንቺዓለም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋ ተቆረጠ።

«በማርያም ስም ትንፋሽ አልሰርቅም።»

«ስርቆት አይደለም፣ ዘዴ ነው።»

«ምሥጋናው ሲደክመው ጻድቅ፣ እኔ ሲደክመኝ በሽተኛ? እምቢ! በፊታቸው እስበዋለሁ።»

«ተራሽንስ?»

ተራዋን ትፈልገዋለች፤ ከተራራው ሌላ የሚያኮራት ሥራ የላትም።

ቅዳሜ ጠዋት የኅዳር ብርድ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ባንቺዓለም አፍና አፍንጫዋን በሻርፕ ሸፈነች፤ አሥራ ሁለት ኪሎ ምስር የተሞላውን ቦርሳ መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ፓፉን ነቅንቃ በምሥጋናውና አብሯቸው በሚወጣው በአዝመራው ፊት ሳበችው።

«ገና ሳንጀምር?» አለ ምሥጋናው።

«መኪና ሳይሞቅ ይነዳል?»

ሩብ ሰዓት ወዲያ ወዲህ ስትል ቆይታ ቦርሳውን አዘለች። አወጣጧ የሰለጠነ ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ደልደል ያለ፣ ትንፋሹ ከእግሩ እኩል የሚሄድ። ምሥጋናው ግን እልህ ይዞት ቀድሞ ተፈተለከ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀሚስ እንደጠለፈው ሰው ይደናቀፍ ጀመር።

አሸተን ብቅ የምትልባት መታጠፊያ ሲደርሱ ሦስቱም ቆመው ተሳለሙ። እሷና አዝመራው አማትበው ቀና አሉ። ምሥጋናው ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ ተክሎ፣ ወናፉ እስኪበርድ አልተነሳም። ከዚያ በሚቀጥለው መታጠፊያ ደግሞ ተሳለመ። በሦስተኛውም ተሳለመ። በአራተኛው ገና ሳይደርስ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ዛሬስ መንፈስ ቅዱስ ወርዶባቸዋል» ሲል አዝመራው አንሾካሾከ።

አምስተኛው መታጠፊያ ላይ ጭድ የጫኑ ስድስት አህዮች ወረዱ። ብናኙ መንገዱን እንደ ጉም ሸፈነው፤ ሻርፑ አላገደውም። የባንቺዓለም ደረት ጠበበ፤ ያች የምታውቃት ቀጭን ፉጨት መጣች። ደረትሽ ከጠበበሽ ቁሚ ተብላለች። ቆመች። ነፋሱ ወደሚነፍስበት ወገን ፈቀቅ አለች፣ ቦርሳውን አወረደች፣ ድንጋይ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ሳበች፣ እስከ አሥር ቆጥራ ለቀቀች፤ ደገመች።

«አረፈች!» አለ ምሥጋናው፤ እሱም ባርኔጣው በእጁ እንደሆነ ጎንበስ ብሎ ከተሳለመበት ቀና ብሎ። «አዝመራው፣ አይተሃል! አረፈች። አበቃ!»

እሷ ፉጨቱ እስኪጠፋ ጠበቀች፤ ከዚያ ተነሳች።

«አዎ፣ አረፍኩ። እርስዎ ግን አምስቴ አርፈዋል።»

«እኔ ተሳለምኩ እንጂ አላረፍኩም! ለማርያም መስገድንም ቆጠርሽብኝ?»

በዚህ ጊዜ ከገዳሙ የሚወርዱ አንድ መነኩሴ፣ አባ ደሳለ፣ ከአህዮቹ ኋላ ደረሱ። ሦስቱም መስቀል ተሳለሙ። አባ ምሥጋናውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

«ልጄ፣ ከላይ ሆኜ ሳይህ ነበር። እዚህ ጋ ለማን ነው የተሳለምከው?»

«ለእመቤታችን ነዋ፣ አባታችን።»

«እሷማ ከዚህ አትታይም። ከኋላህ ናት፣ ጉብታው ጋርዷታል። አንተ የሰገድክለት የገብስ ክምር ነው።»

አዝመራው ፊቱን አዙሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ባንቺዓለም ግን አልሳቀችም፤ ንዴቷ ለሳቅ ቦታ አልነበረውም።

«መድከም ኃጢአት አይደለም» አሉ አባ ደሳለ። «እኔም እዚህች ድንጋይ ላይ አርፋለሁ። አረፍኩ ነው የምል» ብለው ወረዱ።

ቦርሳዋን አዝላ መውጣት ጀመረች። ትንሽ እንደሄደች ከኋላዋ ድምፅ ሰማች።

«ጠብቂኝ!»

ዞረች። ምሥጋናው አለት ተደግፎ ቆሟል፤ ከንፈሩ ደርቋል።

«ለምን ልጠብቅዎ?»

«አስቸኳይ ነው እንዴ...»

«ልረፍ ይበሉና እጠብቅዎታለሁ።»

ወደ ላይ አየ፣ ወደ ታች አየ፣ አዝመራውን አየ። አዝመራው ሰማዩን ይመረምር ነበር።

«ልረፍ» አለ በመጨረሻ።

«አልሰማሁም።»

«ልረፍ አልኩሽ እኮ!»

ቦርሳዋን አውርዳ አጠገቡ ቆመች፤ ውኃዋን ሰጠችው። ጠጥቶ አፉን ጠረገ።

«ሰኞ ስምሽን እመልሳለሁ። ብቻ ያንን ነገር እንግዳ ፊት ባታወጪው...»

«እንግዳ ፊት አወጣዋለሁ። ከመነሳታችን በፊት አወጣዋለሁ፤ ሲጠበኝም መንገድ ላይ አወጣዋለሁ። አስም አለብኝ ብዬም እነግራቸዋለሁ። ይህን ሰምተው ስሜን የሚጽፉ ከሆነ ይጻፉት፤ ካልሆነ እጅዎን አያድክሙ።»

«እሺ።»

«እሺ ምን?»

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ!»

ባንቺዓለም አላመሰገነችም። የራሷን ተራ ስለመለሰላት ምን ብላ ታመስግነው? ቦርሳዋን አዝላ ማሰሪያውን አጠበቀች።

«ብዙ አይቁሙ፣ እግርዎ ይቀዘቅዛል» አለችው። «ከኔ ኋላ ይሁኑ፤ አረማመዴን አይተው ይርገጡ። ሲደክምዎ ይንገሩኝ።»