የዳፍኔ አፍ

አለቃዬ ዮስ ንድፉን ጠረጴዛዬ ላይ ሲዘረጋው ደሜ ፈላ። በግሪኮች ተረት አፖሎ የሚሉት አምላክ ዳፍኔ የምትባል ልጃገረድ ሊይዛት ይሮጣል፤ እሷ ከእጁ ለማምለጥ ዛፍ እየሆነች ነው፤ ጣቶቿ ቅጠል አውጥተዋል። ሠዓሊው ግን ዞር ብላ ፈገግ እንድትልለት አድርጓል። ዛፍ እስክትሆን የሸሸች ሴት ምን ያስቃታል?

አባቴ ከሞተ ወዲህ፣ እዚህ አንትወርፕ ከተማ፣ ዮስ ሥዕል የሚያትምባቸውን መዳቦች የምቀርጸው እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራዬ የወጣው በሟቹ አባቴ ስም ነበር። ይህኛው በስሜ እንዲወጣ ዮስ ቃል ገብቶልኛል።

ሁለት ወር ቀረጽሁ። የዳፍኔን አፍ ከፍቼ አስጮኽኋት።

ዮስ ለሙከራ የታተመውን የመጀመሪያውን ወረቀት አይቶ ፊቱን አጨማደደ።

«ማይከን፣ ሰው ይህን መኝታ ቤቱ ነው የሚሰቅለው። የምትጮህ ሴት ማን ይገዛል? አሳቂያት!»

«እርስዎን አንድ ሰው እንዲህ ቢያሳድድዎት ይስቃሉ?»

«ምላስሽ! ወይ ትስቃለች፣ ወይ ስምሽን እርሺው።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቅሁት ስም ነው። ቢሆንም መቅረጫዬን አስቀመጥሁ።

«እንግዲያው ስሜ ይቅር» አልሁት።

አፏን የሚያስተካክልለት ሌላ እጅ አልነበረውም፤ ትልቁ ገበያም ደርሷል። እኔን ለማብሸቅ ልጁን ጊሊስን ጠርቶ «ስምህን ጻፍበት» አለው። ጊሊስ ከቢራ ዋንጫ በቀር የጨበጠው ነገር የለም። ምላሱን አውጥቶ እየተጨነቀ ሲጭር አየሁት።

መዳብ ላይ ያለ ሁሉ ወረቀት ላይ ተገልብጦ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እኛ ስም ስንቀርጽ ፊደሉን አዙረን ከቀኝ ወደ ግራ እንጽፋለን። ጊሊስ ግን ቀጥ አድርጎ ጻፈው፤ እኔም አላረምሁትም። ዮስም በጥድፊያ ሳያይ መቶ ወረቀት አተመ።

ገበያው ላይ ከጎኑ ሥዕል የምትሸጠው ባልቴት ወረቀቱን አንስታ ሳቀች፤ ሰውም ተሰበሰበ።

«ዮስ፣ ይህን ቅጠል የቀረጸ እጅ ስሙን ገልብጦ አያወጣም። ባለቤቱ ማነው?» አለችው።

በማግስቱ ዮስ መዳቡን በብብቱ ይዞ መጣ።

«ማይከን፣ ልጄ...»

«ልጅዎ ጊሊስ ነው።»

«በቃ፣ ሳቁብኝ እኮ! አስተካክይልኝ።»

«በማን ስም?»

ጫማውን አየ። «ባንቺ።»

«አፏስ?»

«ትጩህ! እንደ ፍጥርጥሯ!»

የጊሊስን ስም ፍቄ መዳቡን አለሰለስሁ። ከዚያ ዮስ ቆሞ እያየ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ስሜን ቀረጽሁ። ቀለም ቀብተን አተምንና ወረቀቱን ገለጥሁት፤ ስሜ ቀጥ ብሎ ይነበባል፣ ከበላዩ ዳፍኔ ትጮሃለች።