የበሩ ስልክ

ኮምፒውተሩ «ዘበኛው ናቸው» ብሏል፤ ሰማንያ ዘጠኝ ከመቶ። ሥራ አስኪያጁን በስልክ ሰድቦ ጆሮው ላይ የዘጋውን ሰው ለማግኘት ከዚህ ሌላ ማስረጃ አልተፈለገም። የስንብቱ ደብዳቤ ተጽፏል፤ የቀረው ፊርማ ነው።

ፕሮግራሙን የሠራችው የፋብሪካው ቴክኒሻን ናት፤ ሠራተኛው «ጆሮ» ይላታል። የስልሳ ሦስት ሰው ድምፅ ቀድታ፣ የእያንዳንዱን ወደ ቁጥር ለውጣ፣ አዲስ ድምፅ ሲመጣ ለማን ቁጥር እንደሚቀርብ እንዲገምት ኮምፒውተሩን ያስተማረችው እሷ ናት። ዘበኛው ግን እንኳን ሊሳደቡ፣ ሰው ቀና ብለው አያዩም። ነገሩ አልዋጥልሽ አላት።

ጠዋቱን ሙሉ የስድቡን ቅጂ ደጋግማ ሰማች። ከቃሉ ሥር ቀጭን፣ እዝዝ የሚል ነገር አለ። የዘበኛውን ናሙና ከፈተች፤ ያው እዝዝታ። የሌሎቹን ከፈተች፤ የለም።

ያኔ ትዝ አላት። ሌላው ሁሉ ቢሮዋ መጥቶ በማይክሮፎን ሲያነብ፣ ዘበኛውን ብቻ በሩን ጥለው መምጣት ስላልቻሉ በበሩ ስልክ ነበር የቀዳቻቸው። ኮምፒውተሩ ያጠናው ሰውየውን ሳይሆን ስልኩን ነው! እሳቸው መኪና ሊያስገቡ ሲወጡ ያንን ስልክ ያነሳ ሁሉ ለኮምፒውተሩ ዘበኛ ነው።

ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።

«አይፈርሙ!»

«ማሽኑ ያንቺ፣ ውጤቱ ያንቺ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምነው አሁን ቀዘቀዝሽ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ወደ በሩ ይውረዱና በዚያ ስልክ አንድ ገጽ ያንብቡልኝ። የእርስዎም ናሙና ከስልሳ ሦስቱ አንዱ ነው፤ ለይቶ ካወቀዎት ይፈርሙ፤ የኔንም መልቀቂያ እጨምርልዎታለሁ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዛሬስ ለይቶልሻል» አለና ሳቀ። ግን ወረደ።

እሷ ክፍሏ ሆና ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። አንብቦ ሲጨርስ «እሺ፣ ማን ነኝ?» አለ በስልኩ።

«ዘበኛው ነዎት። ዘጠና አንድ ከመቶ፤ ሰዳቢውን በሁለት ይበልጡታል።»

  በስልኩ ከእዝዝታው ጋር የጭነት መኪና ጥሩምባ ጮኸ፤ መልሷን ከስልኩ የሰሙት የዘበኛውም ድምፅ በሳቅ ከበስተኋላ ተከተለ።

«ጌታዬ፣ መኪና መጥቷል፤ ይነሱና በሩን ይክፈቱ እንጂ!»

ደብዳቤው ሳይፈረም ተቀደደ። ሰዳቢው ግን ገና አልተገኘም። ጆሮ የድሮውን ቅጂ በሙሉ አጠፋችና በፋብሪካው ያለውን ስልክ እየዞረች ቆጠረች፤ አሥራ አራት። ስልሳ ሦስቱም ሰው በአሥራ አራቱም ያነባል። ወር ይፍጅ፣ ሁለት ወር ይፍጅ።

መጀመሪያ የሚያነቡት ዘበኛው ናቸው። እስኪጨርሱ በሩን እሷ ትጠብቅላቸዋለች።